ስንዱ የተረከበችው ጽዋ

(ሞንቴሴሮ፣ በስፔን ተራሮች መካከል ያለች ትንሽ ጥንታዊ ከተማ፤ ረቡዕ ጠዋት። ከደብረ ብርሃን የመጡት ጡረተኛው የመንገድ ቀያሽ ይርዳውና ሚስቱ ስንዱ በአደባባዩ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሆነው የሴጎቪያን አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ይርዳው ድንገት ሚስቱ የቤት ነጠላ ጫማ ማድረጓን አየ።)

ይርዳው፦ ይሄ ጫማ ሴጎቪያ አይደርስም፣ ስንዱ።

ስንዱ፦ እኔም አልደርስም።

ይርዳው፦ ምን ማለት ነው አልደርስም? አውቶቡሱ ሊመጣ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። ሂጂና ቀይሪ።

ስንዱ፦ ጉልበቴ።

ይርዳው፦ ጉልበትሽ ትናንት ነበር። አቪላ አልሄድም ያልሽው በጉልበትሽ ነው። ከትናንት ወዲያ ግን ሳላማንካ ላይ ያን ሁሉ ደረጃ እየሮጥሽ ነው የወጣሽው።

ስንዱ፦ ለዚያ እኮ ነው ትናንት ያመመኝ።

ይርዳው፦ ጉልበቱን ያመመው ሰው በጠዋት ጥበብ ቀሚስ ይለብሳል? የጆሮ ወርቁስ? እሱም ለጉልበት ነው የታዘዘልሽ?

ስንዱ፦ አየኸው? እኔ እኮ ስምንት ቀን ሙሉ ግንብ ግንቡን ብቻ የምታይ መስሎኝ ነበር።

ይርዳው፦ አታዘናጊኝ። ዛሬ የመጨረሻ ቀናችን ነው። ነገ ማድሪድ ልጃችን ጋ፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን። ረድኤት ስንት ደክማ ነው ይህን ቤት የያዘችልን፤ "አባዬ ሻንጣ እንዳይጎትት፣ አንድ ቦታ እያደረ ከተሞቹን አይቶ አይቶ ይመለስ" ብላ። ሰባት ከተማ አይቻለሁ፣ አንዲት ቀርታለች። የሮማውያኑን የውኃ ድልድይ ሳላይ አልሄድም። ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ተደርድሮ፣ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የቆመ!

ስንዱ፦ ይህን ያህል ዓመት ከቆመ ዛሬ አይወድቅም።

ይርዳው፦ እሱ አይወድቅም። እኔስ?

ስንዱ፦ ይኸው ጀመረህ።

ይርዳው፦ እሺ፣ ተይው። ለምንድን ነው የማትሄጂው? ሳታዞሪ ንገሪኝ።

ስንዱ፦ ሰው ይመጣል።

ይርዳው፦ የት?

ስንዱ፦ እዚሁ አደባባዩ ላይ። ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሴ ሲወጡ።

ይርዳው፦ ማንን ብለው?

ስንዱ፦ አንተን።

ይርዳው፦ እኔን? በዚህ አገር ከአከራያችን ከዶኛ ረሜዲዮስና ከድመቷ በቀር ማን ያውቀኛል? ስንት ናቸው?

ስንዱ፦ ብዙም አይደሉ። መቶ ሃያ።

ይርዳው፦ መቶ ሃያ!

ስንዱ፦ የታመሙም አሉ ተብሏል፤ ሊጎድል ይችላል።

ይርዳው፦ ስንዱ፣ ትናንት እኔ የአቪላን ቅጥር ስዞር አንቺ እዚህ ምን ስታደርጊ ዋልሽ?

ስንዱ፦ እንዳትቆጣ።

ይርዳው፦ አልቆጣም፤ ሐኪሙ ከልክሎኛል።

ስንዱ፦ መስኮት ላይ ተቀምጬ ሳይ፣ ሰው ሁሉ አጊጦ ወደ ላይ ይወጣል። ዶኛ ረሜዲዮስ መጥታ እጄን ያዘችና "ነይ" አለችኝ፣ በዓይኗ። ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ በትከሻቸው ተሸክመው ይዘውት ብቅ አሉ። ማንን ይመስልሃል?

ይርዳው፦ እኔ ምን አውቃለሁ።

ስንዱ፦ ሚካኤልን! ሰይፉን መዝዞ፣ ሚዛኑን ይዞ፣ ያንን ርጉም ከእግሩ ሥር ረግጦ። ቁርጥ የኛው፤ ፊቱ ትንሽ ቀላ ከማለቱ በቀር። ምን ላድርግ፣ እልል አልኩ።

ይርዳው፦ እዚያ ሁሉ ሰው መሃል?

ስንዱ፦ ዝም ልበለው ታዲያ? ሙዚቀኞቹ መንፋታቸውን ትተው ዞረው አዩኝ። ከዚያማ ድገሚልን ብለው አልለቅም አሉኝ። ድምፄ የሻከረው ለምን ይመስልሃል?

ይርዳው፦ ግን ትናንት እኮ መስከረም አሥራ ዘጠኝ ነው። ሚካኤል አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው!

ስንዱ፦ እዚህ በዚህ ቀን ሚካኤልን ነው የሚያነግሡት። ምነው፣ ገብርኤል የሚያኮርፍ መሰለህ? እንዳንተ ደብተር ይዞ የሚዞር መሰለህ?

ይርዳው፦ እሺ፣ ቀጥዪ።

ስንዱ፦ ዑደቱ ሲያበቃ ግቢ ገባን። ረጅም ጠረጴዛ፣ ዳቦ በየቅርጫቱ፣ ወይን በየማሰሮው። ሴቶቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዷ "እነዚያ ጋ አልደረሰም!" ብላ ትጮሃለች፣ ሌላዋ "ደርሷል፣ ደብቀውት ነው" ትላታለች። አንድ ቃል ቋንቋቸውን ሳላውቅ ሁሉም ገባኝ። ራሱ ማኅበር ነው፣ ይርዳው! የኛው የሚካኤል ጽዋ! እንደኛው ማኅበሩን የሚመራ ሙሴ እንኳ አላቸው፤ ዶን ኤውሴቢዮ የሚባሉ ሽማግሌ።

ይርዳው፦ እና በላሽ፣ ጠጣሽ፣ አመሰገንሽ፣ ወጣሽ። እንደዚያ በይኝ።

ስንዱ፦ አሳማውን አልነካሁም። ዳቦ በቲማቲም በላሁ። ከዚያ ሽማግሌው የብር ጽዋ አነሡ።

ይርዳው፦ እንዳትዪኝ።

ስንዱ፦ ከፍ አድርገው ያዙና አንድ ነገር ጠየቁ። ዝም። ደግመው ጠየቁ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንዱ የታሰረ የጫማ ክሩን ፈቶ እንደገና ያስራል። አንዷ ቦርሳዋን እስከ ትከሻዋ ገብታበት የሆነ ነገር ትፈልጋለች። ይህንን ዝምታ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ።

ይርዳው፦ "የሚቀጥለውን ማን ይደግሳል?"

ስንዱ፦ እሱን ነው! ተረኛ የሚሆን ሰው ጠፋ። ሽማግሌው ጽዋውን ሊያስቀምጡት ዝቅ አደረጉት። የሚካኤል ጽዋ ዓይኔ እያየ ሜዳ ላይ ሊቀር!

ይርዳው፦ እና ተነሣሽ።

ስንዱ፦ ጉልበቴን እያመመኝ ተነሣሁ።

ይርዳው፦ እና ተቀበልሽ።

ስንዱ፦ በሁለት እጄ።

ይርዳው፦ የፈጣሪ ያለህ! በማን ስም?

ስንዱ፦ መቼም ቤታችን አባወራ አለ።

ይርዳው፦ ስንዱ!

ስንዱ፦ "ዶን ይርዳው" ሲሉት እንዴት እንደሚያምር ብትሰማ። አጨበጨቡልህ እኮ።

ይርዳው፦ በሌለሁበት!

ስንዱ፦ ብትኖርማ እምቢ ትል ነበር።

ይርዳው፦ እሺ። ቀላል ነው። ሲመጡ ዶኛ ረሜዲዮስ በስልኳ ታስተረጉምልኛለች። "ሚስቴ የአገሯ ማኅበር መስሏት ተሳስታ ነው፤ እኛ ነገ ሂያጆች ነን፤ ይቅርታ አድርጉልን" እላቸዋለሁ። በቃ።

ስንዱ፦ በል። ማን ያዘህ።

ይርዳው፦ እንዲህ ቶሎ መስማማትሽ አልጣመኝም።

ስንዱ፦ ተሳስታ ነው ካልክ ተሳስቼ ነው። አሮጊት ነኝ፣ አገሩን አላውቅ፣ ቋንቋውን አላውቅ።

ይርዳው፦ ቆይ ቆይ። ዛሬ ቁርስ ላይ ዶኛ ረሜዲዮስ እጄን ጨብጣ አልለቅ አለችኝ። ስልኳን አምጥታ አንድ ጽሑፍ አስነበበችኝ፤ ያኔ አልገባኝም። "ሚስትህ ልበ ሙሉ ናት። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ አይመለከትሽም ቢሏት እምቢ አለች" ይላል።

ስንዱ፦ ስልክ የሚያወራው ሁሉ ይታመናል?

ይርዳው፦ ስንት ጊዜ ነው ያሉሽ?

ስንዱ፦ አራት።

ይርዳው፦ አራት ጊዜ!

ስንዱ፦ በአራተኛው ጽዋውን ቀስ አድርገው ከእጄ ሊወስዱት ሞክረው ነበር።

ይርዳው፦ እና?

ስንዱ፦ ጠጣሁት።

ይርዳው፦ ሁሉንም?

ስንዱ፦ ሁሉንም። ከዚያ ወዲያ ምን ይላሉ?

ይርዳው፦ አየሽ፣ ስህተት አይደለም! ሆን ብለሽ ነው! ይህን የሚያህል ቃል ኪዳን በኔ ስም የምትገቢው ምን አስበሽ ነው? በሚመጣው ዓመት እዚህ የሚገኘው ማን ነው?

ስንዱ፦ አንተ ነሃ!

ይርዳው፦ እሱን በምን አወቅሽ?

ስንዱ፦ አላውቅም። ለዚህ እኮ ነው የጠጣሁት። ከሆስፒታል ከወጣህ ጀምሮ የምትነካው ሁሉ ስንብት ሆነ። ካፖርትህን ለወንድምህ ሰጠህ፤ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በዚያ ብርድ! የቅየሳ መሣሪያህን ለድሮ መሥሪያ ቤትህ ልጆች አደልክ። ይሄ አልበቃ ብሎህ የመቃብር ቦታህን በሜትር ለክተህ፣ አራቱም ማዕዘን ላይ ችካል ተክለህ መጣህ!

ይርዳው፦ በኋላ የወሰን ክርክር እንዳይነሣ ነዋ።

ስንዱ፦ ከማን ጋር? ከጎረቤት ሙታን ጋር?

ይርዳው፦ ላንቺም ከጎኔ ለክቼልሻለሁ።

ስንዱ፦ አይቼዋለሁ። ጠበብ አድርገኸዋል።

ይርዳው፦ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ምን ላድርግ።

ስንዱ፦ ይኸው፣ አስቀኸኝ ልታልፍ ነው። ዛሬስ አላሳልፍህም። ሰባት ከተማ ዞርክ፤ አንዱንም አላየኸውም። ትገባለህ፣ ጣሪያውን ቀና ብለህ ታያለህ፣ ደብተርህ ላይ ምልክት ታደርጋለህ፣ "በቃ፣ እሱም ተዘጋ" ትላለህ። ቶሌዶ ላይ ያቺ ሴትዮ ከበረንዳዋ ሆና አበባ ስትወረውርልን ቀና ብለህ እንኳ አላየሃትም፤ ሰዓትህን ነበር የምታየው። አገር እየጎበኘህ አይደለም፣ ይርዳው፤ እየተሰናበትክ ነው።

ይርዳው፦ ሰው አቅሙን አውቆ ቢዘጋጅ ምን ክፋት አለው?

ስንዱ፦ እኔን ይደክመኛላ! ከሚሰናበት ሰው ጋር መኖር ይደክማል። ቁርስ ላይ ትንሽ ዝም ስትል ልቤ ይወርዳል። ሻንጣ ስታስር ልቤ ይወርዳል። ረድኤት አንድ ቤት የያዘችልን ለሻንጣው ብቻ ይመስልሃል? በየቀኑ ወደ አንድ ደጅ ስንመለስ "ደህና ዋላችሁ" የሚለን ሰው እንዲኖር ነው። እኔ ዳቦ ጋጋሪውን አውቀዋለሁ፤ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ በጥር ታገባለች። አንተ በስምንት ቀን ያወቅከው የአውቶቡሱን ሰዓት ነው።

ይርዳው፦ መጣ።

ስንዱ፦ ማን?

ይርዳው፦ አውቶቡሱ።

ስንዱ፦ ሂዳ።

ይርዳው፦ ብቻዬን?

ስንዱ፦ ሂድ። ለመቶ ሃያው ሰው "ዶን ይርዳው ድልድይ ሊሰናበት ሄዷል" እላቸዋለሁ።

ይርዳው፦ ሐኪሙ እኮ...

ስንዱ፦ ሐኪሙ ምን አለ? እኔም ከጎንህ ነበርኩ። "ጨው ቀንስ፣ ደረጃ ቀስ ብለህ ውጣ፣ በስድስት ወር ተመለስ" አለ። ተመለስ ነው ያለህ! የሞት ቀጠሮ አልሰጠህም፤ እሱን ለራስህ የቆረጥከው አንተ ነህ።

ይርዳው፦ ሹፌሩ አፍጥጦብኛል።

ስንዱ፦ አንድ እግርህ ደረጃው ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ! ምን ያድርግ? ወይ ውጣ ወይ ውረድ።

ይርዳው፦ ስንዱ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?

ስንዱ፦ ሰውዬው እየጠበቀ!

ይርዳው፦ ይጠብቅ። የሳላማንካዋን እንቁራሪት አላየኋትም።

ስንዱ፦ አውቃለሁ።

ይርዳው፦ ዩኒቨርሲቲው ግንብ ላይ ከተቀረጸው ሁሉ መሃል ፈልጋችሁ አግኟት ሲሉን፣ ሰዓት ሄደብኝና አየኋት ብዬ ዋሸሁ።

ስንዱ፦ "ቆንጆ ናት፣ አረንጓዴ" አልከኝ። ድንጋይ ናት እኮ!

ይርዳው፦ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?

ስንዱ፦ ምልክት አድርገህባት ነበራ። የዘጋኸውን ፋይል ምን ብዬ ላስከፍትህ።

ይርዳው፦ እኔም እፈራለሁ፣ ስንዱ። ቆም ያልኩ እንደሆነ ይደርስብኛል ብዬ ነው የምሮጠው። እንዲህ ነው ነገሩ። አሁን አወቅሽ።

ስንዱ፦ ይርዳው...

ይርዳው፦ አንተ ሂድ! ሂድ፣ ሂድ! አዎ፣ ዝጋው!

ስንዱ፦ ምንድን ነው በእጅህ ያን ሁሉ ያወራኸው?

ይርዳው፦ እንግዳ አለብኝ አልኩት።

ስንዱ፦ ሄደ።

ይርዳው፦ ይሂድ። ተስማማሁ ማለት ግን አይደለም። እንግዳ ጠርቶ ደጅ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ስለሆነ ነው።

ስንዱ፦ ገብቶኛል።

ይርዳው፦ አትሳቂ።

ስንዱ፦ የት ስቄ? ጉልበቴን አሞኝ ነው።

ይርዳው፦ ለመሆኑ ይህን ሁሉ ሰው ምን ልታበይ ነው? እነዚህ ሰዎች ያለ አሳማ ድግስ አያውቁም።

ስንዱ፦ ቀኑን ቆጥሬዋለሁ። በሚመጣው ዓመት በዓላቸው ረቡዕ ላይ ይውላል። ጾም ነው፤ ተገላገልን። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች። እንጀራውን ረድኤት ከማድሪድ ትጭናለች፣ በርበሬውን እኔ ከአገር አመጣለሁ።

ይርዳው፦ ስፔኖችን ልታስጾሚ?

ስንዱ፦ አንድ ቀን ነው፤ ይችሉታል። የዶን ኤውሴቢዮ ሆድማ ያመሰግነኛል።

ይርዳው፦ አስበሽ ጨርሰሻል ማለት ነው።

ስንዱ፦ ሌላ ምን ላስብ? ችካል?

ይርዳው፦ ጠረጴዛውስ የት ሊዘረጋ ነው?

ስንዱ፦ ግቢው ጠቧቸዋል። ዝናብ ከሌለ እዚህ አደባባዩ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ ወደ ታች በረጅሙ ይሁን ብለዋል።

ይርዳው፦ ወደ ታች በረጅሙ? ማነው እሱ? ዓይን የለውም? ይሄ አደባባይ ወደ ፏፏቴው ያዘነብላል እኮ! በየመቶ ሜትሩ ሦስት ሜትር ይወርዳል። በረጅሙ ከዘረጋሽው ምስሩ ሁሉ እታች ላሉት ነው የሚንቆረቆረው። አግድም ነው! ከዚያ ከማዕዘኑ ቤት እስከ መድኃኒት ቤቱ። ቆይ፣ እንዳታናግሪኝ... አርባ... አርባ አንድ... አርባ ሁለት እርምጃ። ሦስት ረድፍ፣ በመሃል ሁለት ሰው ትሪ ይዞ የሚተላለፍበት።

ስንዱ፦ ሽማግሌዎቹን ከዚያ ዛፍ ሥር ብናደርጋቸው? ጥላ አለ።

ይርዳው፦ አሁን ነው ያለው። ድግሱ በጠዋት ነው እንዴ? ምሳ ሰዓት ላይ ጥላው ዞሮ ግድግዳው ጋ ይገባል። እነሱ ፀሐይ ላይ ቀርተው ጎመኑ ጥላ ሊቀመጥ! ለዚህ እኮ ነው ነገር ለባለሙያ የሚሰጠው።

ስንዱ፦ ሰጠሁት እኮ። በስሙ።

ይርዳው፦ አንቺ ሴት!

ስንዱ፦ እንካ እንግዲህ፣ ይህን ፈርም።

ይርዳው፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

ስንዱ፦ ዶን ኤውሴቢዮ የሰጡኝ ነው፤ ዶኛ ረሜዲዮስ በስልኳ አስተርጉማልኛለች፤ ሲመጡ ተፈርሞ ይቀበሉኛል። እላይ ስምህ አለ። እታች ፊርማ ነው። እዚህ መሃል ባዶው ላይ ተረኛው ስንት ዓመት ጽዋውን እንደሚይዝ ራሱ ይጽፋል። ከአንድ እስከ ሰባት ይቻላል፤ ከሰባት በላይ አይፈቀድም።

ይርዳው፦ አንቺ ስንት በል ትያለሽ?

ስንዱ፦ አንድ።

ይርዳው፦ አንድ ብቻ?

ስንዱ፦ አንድ ጻፍልኝ። ከዚያ በላይ አልለምንህም። "ለሚመጣው መስከረም አለሁ" በለኝ፤ በጽሑፍ፣ በሰው ፊት። እኔ በእሱ ዓመቱን እከርምበታለሁ።

ይርዳው፦ ዙሪ።

ስንዱ፦ ወዴት?

ይርዳው፦ ጀርባሽን ስጪኝ። ጠረጴዛ የለም፤ በምን ላይ ልጽፍ ነው?

ስንዱ፦ ይኸው። ኧረ ቀስ፣ ይኮረኩራል!

ይርዳው፦ አትንቀሳቀሺ፣ ጽሑፉ ይበላሻል።

ስንዱ፦ ደወሉ ተደወለ። ወጡ፣ ይርዳው፣ እየመጡ ነው! ኧረ ይሄ ሁሉ ሰው! ዶን ኤውሴቢዮ ከፊት ናቸው። ጨርስ እንጂ፣ አንድ ለመጻፍ ይህን ያህል?

ይርዳው፦ ጨረስኩ። ዙሪ፣ ነጠላሽን አስተካክዪ።

ስንዱ፦ አንድ አልክልኝ አይደል?

ይርዳው፦ ከሰባት በላይ አይፈቀድም አልሽኝ እኮ። ምን ላድርግ፣ ሰባት አልኩ።